ከእህቴ አፍ የተዋስኩት ዐረብኛ

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ትርሲት ገና ሰባቷ። ካርቱም ውስጥ አንድ ሰፊ ግቢ መሀል ቆመናል፤ እኔ ፌስታላችንን ይዣለሁ፣ እሷ ቀሚሴን ይዛለች። የቤቱ እመቤት ሐጃ ሱዓድ ከራስ እስከ እግር አዩንና በጣታቸው ለሁለት ከፈሉን። «ትልቋ ማድ ቤት ትግባ። ትንሿ እዚህ ተጎልታ ዝንብ ከምታባርር ከልጆቼ ጋር ትምህርት ቤት ትሂድ።» ያመጣን ደላላ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። እህቴ ልትማር ነው፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ደስታዬ ስምንት ቀን ቆየ። በዘጠነኛው ቀን የደረቀ ባሚያ ስወቅጥ ትርሲት ሰማያዊ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣችና ደብተሯን ገልጣ አንድ መስመር ዐረብኛ አነበበችልኝ። ከቀኝ ወደ ግራ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ሳትደናቀፍ። «ጎሽ» አልኳት። ሙቀጫው ላይ ግን እጄ በረታ፤ ሐጃ ሱዓድ ከሳሎን «አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ልታፈርሺው ነው?» ብለው እስኪጮኹ ድረስ።

ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል። የእህቴ ጸሎት የተሰማላት በእኔ በኩል ነው። የንስሐ አባቴ «ቅናት ያለ ነው ልጄ፤ ምቀኝነት እንዳይሆን ብቻ ጠብቂው» ይሉኛል። ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ አመለጠኝ፤ ያመለጠኝ ለት የሰው እግር ይዞብኝ ሄደ። የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ከአራት ወር በፊት ጡረታ ወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ኦክላንድና ሳን ሆዜ ባሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የዐረብኛና የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ቦታዬን የያዘው ጎማ ባለው ብረት ላይ የተሰካ ታብሌት ነው። ነርሷ እየገፋች ታመጣዋለች፤ ስክሪኑ ላይ የቋንቋ ስም ተደርድሯል፤ «አረቢክ» የሚል አንድ ቁልፍ አለ። አንድ ብቻ! የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችም እንደዚያው ናቸው፤ «እትዬ ብርቄ፣ ዐረብኛ ያው ዐረብኛ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። አይደለም የኔ ልጆች። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

«ምን ፈለግሽ?» ለማለት ሱዳን «ዳይራ ሽኑ?» ትላለች። ግብፅ «ዓይዛ ኤህ?» ትላለች። ሻሞቹ፣ ማለት ሶርያና ሊባኖስ፣ «ሹ በዲክ?» ይላሉ። የመን «ኤሽ ትሽቲ?» ትላለች። መጽሐፉ ደግሞ ማንም እናቱን የማያናግርበት ሌላ አለው። መግባባቱስ እየተኮላተፉም ይግባባሉ። ነገር ግን ዐረብ አንዱ አፉን በከፈተ ቅጽበት ሌላው አገሩን፣ ትምህርቱን፣ አባቱ ገበሬ ይሁን ነጋዴ፣ ቤቱ ሠራተኛ ነበረው ወይስ እሱ ራሱ ሠራተኛ ነበር፣ ሁሉንም ያውቃል። እኛስ ብንሆን ሰው «እንደምን አደሩ» ሲል ከየት እንደመጣ አናውቅም? እነሱ ጋ ግን ይህ ነገር አሥር እጥፍ ነው።

እኔና ትርሲት በአንድ ፍራሽ እየተኛን ሁለት ዐረብኛ ለመድን። የሷ የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የሳሎን ነው። የኔ የማድ ቤት፣ የገበያ፣ የሐጃ ሱዓድን አሮጊት እናት ሳጥብ ከእሳቸው የሰማሁት ነው። ኋላ ከዚያ ቤት ወጥቼ መኪና መናኸሪያ አጠገብ ዛፍ ሥር ሁለት ዓመት ሻይ ሸጥኩ፤ የሾፌሮች ዐረብኛም ተጨመረበት፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። የትርሲትን ደብተርና እርሳስ የገዛሁት በሻዩ ነው። ይህን ለወቀሳ አልጻፍኩትም። ደግሞ ለወቀሳ ነው፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከካርቱም አሜሪካ መጥተን ኦክላንድ ስንገባ እኔ መጀመሪያ ሆቴል አልጋ አነጠፍኩ፤ ከዚያ ሆስፒታል በፅዳት ገባሁ። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ስወለውል አንዲት ነርስ ከክፍል ብቅ ብላ «ዐረብኛ የሚችል ሰው አለ?» ብላ ጮኸች። ማንም ሳይመጣ ሲቀር ሞፑን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ገባሁ። መንገድ ጥግ ላይ ግሮሰሪ፣ ማለት የሸቀጥ ሱቅ፣ ያለው የመናዊ ሚስት ናት፤ ምጥ ይዟታል፤ ባሏ በድንጋጤ እንግሊዝኛው ጠፍቶታል። በካርቱም ማድ ቤት ዐረብኛዬ «አይዞሽ፣ አትግፊ አሁን» አልኳት። ልጁ ሲወለድ ጓንቴን አላወለቅኩም ነበር።

የሆስፒታሉ ነባር ዐረብኛ አስተርጓሚ ይህን ሰሙና ፈልገው አገኙኝ። ሁላችንም «ዓሚ ሳሊህ» ነው የምንላቸው፤ ዓሚ አጎቴ ማለት ነው። የመናዊ ናቸው፤ ግሮሰሪያቸውን ለወንድማቸው ትተው ወደዚህ ሥራ የገቡ ቀጭን ሽማግሌ። «ሞፑን ማን ያዝልሽ?» አሉኝ መጀመሪያ። «ግድግዳው» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪያቸው ሆንኩ።

አስተርጓሚነት ቋንቋ ማወቅ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዓሚ ሳሊህ ከቀጠሮው ሃያ ደቂቃ ቀድመው ይደርሳሉ። ባጃቸውን ኪሳቸው ከተው መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከሕመምተኛው አጠገብ እንደማንም ሰው ይቀመጣሉ። ቀጥሎ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነች፤ «ፓርኪንግ አገኛችሁ?» አሜሪካ ውስጥ ስለ ፓርኪንግ የማያማርር ፍጡር የለም! ሰውየው ሲያማርር እሳቸው ይሰማሉ። በሁለት ደቂቃ ከየት አገር እንደሆነ፣ መማሩን፣ መፍራቱን፣ ከሚስቱ መጣላቱን ሁሉ ያውቃሉ። «ጆሮሽን ቀድመሽ ላኪው፤ አፍሽ ኋላ ይደርሳል» ይሉኝ ነበር።

ክፍሉ ከገቡ በኋላ ባጁን ያወጡና «ሳሊህ እባላለሁ፤ የመን፣ ከኢብ ከተማ በላይ ካለ መንደር ነኝ፤ እዚህ ግሮሰሪ ነበረኝ» ይላሉ፤ ለኢራቃዊም፣ ለግብፃዊም፣ ለማንም። ከሕመምተኛው ጎን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ሐኪሙና ሕመምተኛው እርስ በርስ እንጂ እሳቸውን እንዳያዩ። ማስታወሻ የሚይዙት በቢላ በሾለች አጭር እርሳስ ነው። ሐኪሙ «እኔ» ካለ «እኔ» ይላሉ፤ ሕመምተኛው «እኔ» ካለ «እኔ»፤ «እሷ እንዲህ አለች» የሚባል ነገር የለም። ሲጨርሱ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደው ይጥላሉ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የተማሙ ሕግ ነው። «ተማም» ደህና፣ እሺ፣ ጥሩ ማለት ነው። «ሦስት ተማም ተከታትሎ ከመጣ» አሉኝ፣ «በሩ ተዘግቷል። አንቺ የምታወሪው ከበሩ ጋር ነው።» ያኔ እርሳሳቸውን ከፍ አድርገው ሐኪሙን ያስቆማሉ፤ ሕመምተኛውን የሰማውን በራሱ አነጋገር እንዲመልሰው ይጠይቃሉ።

አንድ ነገሬ ግን አይጥማቸውም። ራሴን ሳስተዋውቅ «ከኦክላንድ ነኝ» ነበር የምለው።

«ኦክላንድ ውስጥ የዐረብኛ ዛፍ የበቀለው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ምን ልበል ታዲያ ዓሚ? የካርቱም ገረድ ነበርኩ ልበል?»

«ከካርቱም ነው የለመድኩት በያ! ቤቱን የደበቀ ሰው እንግዳ አይመጣለትም።»

እሺ አልኩ እንጂ አልተውኩም።

በዚህ መሀል ትርሲት አግብታ ሳን ሆዜ ገብታለች። «እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ ደስ ይላል፤ እኔም ልሞክረው?» አለች። ሞከረች። እኔ የአርባ ሰዓቱን ኮርስ በሁለት ሺፍት መሀል እያዛጋሁ ነው የጨረስኩት። ፈተናው ደግሞ ዐረብኛ ጽሑፍ እያዩ መተርጎም አለው፤ እኔ ማንበብ ማን አስተምሮኝ? ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ወረቀትና የሕፃናት መጽሐፍ ጎን ለጎን አድርጌ ራሴን አስተማርኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ በሦስተኛው አለፍኩ። ትርሲት በመጀመሪያው አለፈች፤ ያውም ጉንፋን ይዟት። «ፈተናው ቀላል ነው አይደል እትዬ?» አለችኝ፤ እግዜር ያሳያችሁ። ክፍያዋም ከመጀመሪያው ከኔ ከፍ ያለ ነበር፤ እሱን ተዉት።

ከዚያ ወዲያ ስሜ «የትርሲት እህት» ሆነ። በስልክ ሳስተረጉም አንድ ኢራቃዊ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰማኝና «እህቴ፣ እዚያ ዐረብ የለም እንዴ?» አለ። ስልኩ ወደ ማን ተላለፈ? ወደ እህቴ፤ እሷም እንደኔው ሐበሻ! ሰውየው ግን ደማስቆ የተማረች መስላው «አላህ ይጠብቅሽ» እያለ ሲመርቃት ቆየ። ሌላ ጊዜ ትርሲት ቤት ለልደት ተጠርተን አንዲት ግብፃዊት ፋርማሲስት አጠገቤ ተቀመጠች። ጥቂት አወራኋትና በደስታ አጨበጨበች። «ያ ሰላም! ካርቱም ሄጄ የጠጣሁባት ሻይ ሻጭ ልክ እንዳንቺ ነበር የምታወራው። በጣም ኪዩት ነው!»

እውነቷን ነው። ምን እላታለሁ? ምናልባትም እኔው ነኝ የቀዳሁላት። ትርሲት ከምድጃው አጠገብ ሆና ሰምታለች፤ ፊቷን አዙራ ሰላጣ ቀላቀለች።

ያን ሰሞን ነው ሌላ ዐረብኛ ለመልበስ የቆረጥኩት። በሻም ዐረብኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን ከሥራ ስመለስ እያየሁ፣ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ከንፈሬን እንደ ትርሲት ሰብሰብ አድርጌ እደግማለሁ። ስልኬ ላይ ቀድቼ እሰማዋለሁ። መኪና ውስጥ ብቻዬን «ሹ በዲክ» እላለሁ። ጎበዝ ሆንኩ፤ ጆሮ አለኛ! ዓሚ ሳሊህ አንድ ጊዜ ሰሙኝ። «ያማረ ቀሚስ ነው፤ የማን ነው?» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ከሳቸው በኋላ የሆስፒታሉ ቋሚ ቦታ ቀረና እኔም ትርሲት ወደምትሠራበት የአስተርጓሚዎች ኤጀንሲ ገባሁ። አንዳንድ ቀን ኦክላንድ፣ አንዳንድ ቀን እስከ ሳን ሆዜ እነዳለሁ።

አሁን ወደ ሲት ኒዕማት ልምጣ፤ ሲት በሱዳን ወይዘሮ ማለት ነው። እጄ እየተጎተተ ነው፤ ግን ልምጣ።

ትርሲት ዕረፍት ወጥታ ስለነበር ኤጀንሲው የሷን ቀጠሮዎች ለኔ ሰጠኝ። ሳን ሆዜ፣ የስኳር ሕመምተኞች የእግር ክሊኒክ። ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ፤ ይህን ልማድ አልተውኩትም። አንዲትን ስድሳ የዘለሉ ሴትዮ ወንድ ልጃቸው ደግፎ አስገባቸው፤ ቶብ ለብሰዋል፣ ሱዳናውያን ሴቶች እንደ ነጠላ የሚጠቀለሉትን። አንደኛው እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ልጁን «ሂድ አንተ፣ ከሥራ አትቅር፤ እኔ ሕፃን ነኝ?» አሉት። በዚያች አንዲት ንግግር ሁሉንም አወቅኩ። ኦምዱርማን፣ ከካርቱም ማዶ ያለው ከተማ። የደህና ቤት ልጅ። ካርቱም ጦርነት ሲነሳ ልጃቸው ጋ የመጡ። አነጋገራቸው ቁርጥ ሐጃ ሱዓድን! እኔንና ትርሲትን ለሁለት የከፈለችን ጣት ፊቴ የተዘረጋች መሰለኝ።

ጆሮዬ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ያበላሸው አፌ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ወጣቷ ሐኪም ባጄን አየችና «የትርሲት እህት ነሽ? ኦ ማይ ጋድ፣ ዐረብኛዋን ሁሉም ሰው ነው የሚወደው!» አለች። ሲት ኒዕማት ወደ እኔ ዞሩ። የሱዳኑን ዐረብኛ ብናገር በሁለተኛው ቃል ሐበሻ መሆኔን ያውቃሉ። ሐበሻ ማለት ደግሞ እሳቸው ቤት ማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ፤ ኦምዱርማን ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሠራተኛዋ ማን ነበረች? ስለዚህ የእህቴን ከንፈር፣ የድራማውን ዜማ ለበስኩና «መርሐባ፣ ኪፍ ሐድርቲክ?» ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅኩ። ከየት እንደሆንኩ አልተናገርኩም።

ሴትዮዋ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የቶባቸውን ጫፍ ስበው እግራቸውን ሸፈኑ።

«ክኒኑን በሰዓቱ እየወሰዱ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ተማም።»

«ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት አለ?»

«ተማም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ከቅባቱ ሌላ ቁስሉ ላይ ያደረጉት ነገር አለ?»

«የለም የለም። ሁሉም ተማም።»

ቆጥሬዋለሁ። ሦስት። እርሳሱ እጄ ውስጥ ነበር። ከፍ ባደርገው በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሩኝ ልጠይቅ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሲፈቱ እኔም መፈታት አለብኝ፤ የለበስኩት ሊወልቅ ነው። ሐኪሟ ፈገግ ብላ እያየችኝ ነው። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ መለስኩ። ሐኪሟም ፋሻውን ፈትታ አየች፤ ተጠራርጎ የመጣ ቁስል ነበር፤ ሁሉም በትእዛዙ መሠረት እየሄደ ስለመሰላት ለሁለት ሳምንት ቀጠረቻቸው። በሩ ላይ «ዩ አር ጀስት ላይክ ዩር ሲስተር!» አለችኝ።

እና ደስ አለኝ! ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለመጻፍ የከበደኝ ይቺ ናት። እስከ ፓርኪንጉ ድረስ በእግሬ የሄድኩ አይመስለኝም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኤጀንሲው ወደ አንድ ሆስፒታል ላከኝ። ስሙን ሳይ የሳቸው ነው። ስገባ አልጋው ላይ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ከጉልበት በታች ተኝቷል፤ ባዶ ነው። ድራማውም፣ የእህቴም ከንፈር፣ ሁሉም ከላዬ ረገፈ። «ያ ሐሊለክ፣ ያ ሲት ኒዕማት» አልኩ፤ የካርቱም እናቶች ሰው ሲጎዳባቸው የሚሉት ነው፤ «እኔን ልጅሽን» እንደምንለው ያለ።

ዓይናቸውን ገለጡ። 

«አንቺ ሐበሻ ነሽ?»

«አዎ፣ ሐጃ።»

«የኛን ነው እንዴ የምታወሪው? ታዲያ ያን ቀን ምን ነካሽ?» ድምፃቸው ደክሟል፤ ግን ቁጣው አለ። «ከነዚያ ከሻም ወይዛዝርት አንዷ መሰልሽኝ እኮ! እሷ ፊት ‹ቁስሌ ላይ የቀረድ ዱቄት ነስንሻለሁ› ልበል? ‹ክኒኑ ሆዴን ስላገላበጠው በሦስተኛው ቀን ጣልኩት› ልበል? እነሱ እኛን እንዴት እንደሚያዩን አታውቂም? ኋላ ቀር ሱዳናዊት ብላ እንድትስቅብኝ ነው? በየሌሊቱ እየተንቀጠቀጥኩ ‹ተማም› አልኩ።»

ቀረድ አገራችን ሰው ቁስል ላይ ቅጠል አልሞ እንደሚያደርገው ያለ ነው፤ የግራር ፍሬ ዱቄት። ቁስሉን ከላይ አድርቆ መግሉን ከሥር ዘግቶበታል። ወደ ክሊኒክ የመጡ ለት ጠዋት አጥበውት ነበር፤ እንዳይታይ።

ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «ለሐበሻ ቢሆን ሁሉንም እነግር ነበር። እናቴን ቁስሏን አጥባ እስከ መጨረሻው የያዘቻት ሐበሻ ናት። ከሐበሻ ምን ይደበቃል?»

ነርሷ ከማዶ ቆማ «ምን እያሉ ነው?» አለችኝ። በሥራችን ሕግ ክፍል ውስጥ የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል፤ አይቀነስም፤ ያውም በ«እኔ»። ስለዚህ ቆሜ፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሴ አፍ፣ ቀረዱንም ክኒኑንም ሳልተው፣ «ያን ቀን ያናገረችኝ ሴት ፊት አፍሬ ዋሸሁ፤ ለሐበሻ ቢሆን ሁሉንም እነግር ነበር» አልኩ። ነርሷ ጻፈችው። ያናገረችው ሴት ማን እንደሆነች አልጠየቀችም፤ እኔም «እኔ» ብዬ እያለሁ ማንነቴን አልነገርኳትም። ለኤጀንሲው ግን ማታውኑ ጻፍኩ። ሦስት ተማም ሰምቼ እንዳላስቆምኩ፣ ለምን እንዳላስቆምኩ። ከዐረብኛ ዝርዝር አውጡኝ፣ በአማርኛ ብቻ ላኩኝ አልኩ። አወጡኝ።

የሴትዮዋን ንግግር እስከ ዛሬ እመዝነዋለሁ። ከሐበሻ የማይደበቀው ሐበሻ የቤት ዕቃ ስለሆነ ነው? ከማሰሮ ማን ይደብቃል? ወይስ እናቱን ያጠበችለትን ሰው እንደ ራሱ ስለሚቆጥር ነው? አንዳንድ ቀን እንዲህ፣ አንዳንድ ቀን እንዲያ ይሆንብኛል። እኔ የፈራሁት ገረድ መባልን ነበር፤ እግራቸውን ታድን የነበረችው ግን ገረዲቷ ነበረች።

ትርሲት ከዕረፍት ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ሳን ሆዜ፣ እሷ መኪና ውስጥ ነን። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«ለምን የኔን ወሰድሽ እትዬ?» አለችኝ በቀስታ።

«ያንቺ ስለሚያምር ነዋ! ስለሚሰማ! ሁሉም አንቺን ስለሚል!»

«እኔ ስናገር ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ» አለች። «አንቺ ስትናገሪ ይስቃሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ። አታስታውሺም? እኔ ሳሎን ውስጥ የሐጃ ሱዓድ ልጆች ‹የሠራተኛዋ እህት› እያሉኝ ግስ ስሸመድድ፣ ማድ ቤት እናንተ ትስቁ ነበር። አሮጊቷ እንኳ ‹ብርቄን ጥሩልኝ› ነበር የሚሉት። በሩ ሥር ቆሜ ነው ያደግኩት።»

አላመንኳትም። ያለው ሰው እንዲህ ማለት አይከብደውም ብዬ እንዲያውም ተቀየምኳት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ያህል «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በነበሩት የመጨረሻ ሰባት ወራት ግን ሲት ኒዕማት ሰው ሠራሽ እግራቸውን ሲለኩ፣ ሲለምዱ፣ ሲሳደቡበት፣ አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። በየቀጠሮው «ብርቄ፤ ሐበሻ ነኝ፤ ካርቱም የሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ ሻይ ሸጫለሁ» ብዬ ጀምሬያለሁ። አንድ ቀን «ሻይሽ ጥሩ ነበር?» አሉኝ፤ «ሾፌሮቹ አላማረሩም» አልኳቸው። ይቅር እንዳሉኝ አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም። ክኒናቸውን ስንት ቀን እንደዘለሉ ግን አንድም ጊዜ አልደበቁኝም።

ወደዚያ ሥራ የተመለስኩት እንዲህ ነው። እኔ ከዝርዝር ስወጣ ኤጀንሲው ሲት ኒዕማትን የመደበው ለትርሲት ነበር። ትርሲት አንድ ቀን ሄደች። ስትመለስ የሥራ ሪፖርቱ ላይ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ፣ እንዲህ ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ «የእኔ ዐረብኛ ለዚህች ሕመምተኛ አይበቃም። እኔ ፊት አይናገሩም። በቋንቋቸው ከእኔ የምትበልጠው እህቴ ብርቄ ናት፤ እሷን ወደ ዝርዝሩ መልሷት። በእኔ ፋይል ላይ ይመዝገብ።» ፈርማበታለች። ቅጂውን ሱፐርቫይዘሯ ላከችልኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ስሕተት መፈለግ ነው፤ አንድም አላገኘሁም።

ትርሲት ያን ቀን ኮል አድርጋ «ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጋራዡ ስለሚሞላ ቀደም በይ» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም። ልጇን ከቅርጫት ኳስ ልምምድ ልታመጣ ሄደች።